«እስኬፕ ቱ ዊች ማውንቴን» (1975)፦ ከልጆቻችሁ ጋር ያያችሁት አላችሁ?

የማክዳ እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንድ የቆየ የዲዝኒ ፊልም ላወራችሁ ነው። እዚህ አንድም ሰው ሲያነሳው አላየሁም። ለኔ ግን ከልጆች ፊልሞች ሁሉ የምወደው ነው።

በ1975 ነው የወጣው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ጆን ሃፍ ነው። ታሪኩ የተወሰደው አሌክሳንደር ኪ በ1968 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቲያ እና ቶኒ እህትና ወንድም ናቸው። አሳዳጊዎቻቸው ሞተውባቸው የሕፃናት ማሳደጊያ ይገባሉ። ከየት እንደመጡ አያውቁም። ሌላ ልጅ የሌለው ችሎታ ግን አላቸው። ቲያ አፏን ሳትከፍት ወንድሟን ታናግረዋለች። የተቆለፈ በር ይከፈትላታል። ከእንስሳት ጋር ትግባባለች። ክፉ ነገር ከመድረሱ በፊት ይታያታል። ቶኒ ደግሞ ሃርሞኒካውን ሲነፋ ዕቃ ሳይነካው ይንቀሳቀሳል። ማንነታቸውን የሚጠቁም አንድ ነገር ብቻ አላቸው፤ ሁለት ኮከብ የተሳለባት የቲያ ትንሽ መያዣ። ውስጧ ካርታ ተደብቋል።

አንድ ቀን ቲያ አንድ የማታውቀውን ሰው መኪናው ውስጥ እንዳይገባ ትለምነዋለች። ሰውየው ይተዋል። ወዲያው መኪናው በአደጋ ይጨፈለቃል። ነፍሱን ላተረፈችለት ልጅ ታዲያ ምን መለሰላት? ሄዶ ለአለቃው ነገረባት። አለቃው አሪስቶትል ቦልት የሚባል ቱጃር ነው። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው አግኝቶ ሀብቱን ሊያበዛበት ሲፈልግ የኖረ። ከዚያ ያ ሰው የሐሰት ወረቀት ይዞ «አጎታችሁ ነኝ» ብሎ ይመጣል። ወስዶም ቦልት ቤት ያስገባቸዋል።

እኔን የያዘኝ ነገር ይሄ ነው። ልጆቹን የሚያገኝ ትልቅ ሰው ሁሉ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደሚችሉ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይለያል። ጄሰን ኦዴይ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ በመኖሪያ መኪናው ብቻውን የሚዞር ቁጡ ሰውዬ ነው። ልጆቹ አምልጠው መኪናው ውስጥ ሲደበቁ መጀመሪያ ሊያባርራቸው ነበር። በኋላ ግን እሱን የሚያሳስበው ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ብቻ ነው። ችሎታቸውን አይቶ እንኳን ለራሱ አንድ ነገር አይጠይቃቸውም። ያደርሳቸዋል፣ በቃ።

ልጆች ይሄን ልዩነት ማንም ሳያስተምራቸው ያዩታል። ቦልት ቤት አይስክሬም በሽ በሽ ነው። ፈረስ አለ። መጫወቻው ተቆልሏል። ታናሿ ልጄ ግን ፊቷን ኮሶ አስመስላ «ሰውየው እኮ በካሜራ እያያቸው ነው» አለችኝ።

እስቲ ንገሩኝ። ከልጆቻችሁ ጋር ያያችሁ አላችሁ? ስንት ዓመት ሲሞላቸው ነው የሚሆነው? በጥንቆላ ምክንያት ልጆቻችሁን የማታሳዩ ካላችሁም ሐሳባችሁን መስማት እፈልጋለሁ።

ፊልም ወዳድ (አዲስ አበባ)

የማክዳ እናት፣ ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። ይሄ ፊልም ብዙ ሊወራለት የሚገባ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጆን ሃፍ ከዚህ ፊልም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973፣ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ሄል ሃውስ» የሚባል አስፈሪ ፊልም ሠርቷል። ዲዝኒ ልጆች የሚያዩትን ሥራ ለእንዲህ ዓይነት ሰው መስጠቱ ትልቅ ድፍረት ነው። ውጤቱም ገና ከመግቢያው ይታያል። የተዋንያኑ ስም ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ያሉት የሚሮጡ የልጆች ጥላና የሚያሳድዷቸው ውሾች ናቸው። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። ግን ልብ ይመታል። ልጅ ከፍርሃት ሙሉ በሙሉ መጠበቅ አለበት ብዬ አላምንም። እንዲህ ተመጥኖ የቀረበ ፍርሃት፣ አጠገቡ ትልቅ ሰው ካለ፣ ለልጅ ይጠቅመዋል።

ተዋንያኑን ደግሞ ተመልከቺ። ቦልትን የሚጫወተው ሬይ ሚላንድ በ1945ቱ «ዘ ሎስት ዊክኤንድ» ኦስካር ያገኘ ሰው ነው። የሐሰቱ አጎት ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው፤ በ1967ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም ብሎፌልድ የነበረው። ኦዴይ ደግሞ ኤዲ አልበርት። ሦስቱም አንጋፋ ናቸው። የልጆች ፊልም ነው ብለው ግን አላቃለሉትም። ፕሌዘንስ ልጆቹን ሲያታልል አይጮህም፣ ዓይኑን አያፈጥም። በጣም ትሑት ነው። ልጅን የሚያታልል ሰው በእውነተኛው ዓለምም እንደዚያ ነው የሚመጣው፤ እያባበለ።

ልጆቹም እንደዚያው። ኪም ሪቻርድስ ያኔ 10 ዓመት ገደማ፣ አይክ አይዘንማን 12 ገደማ ነበሩ። ለካሜራው አይቅለሰለሱም። ሁልጊዜ የሚያስቡት ነገር ያለ ይመስላሉ። በሐሳብ ሲነጋገሩ ድምፅዋን ብቻ ነው የምንሰማው፣ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ዓይን ለዓይን መተያየታቸው ብቻ ይበቃል። ለዚህ ኮምፒውተር አላስፈለገም።

የሸገር ልጅ (አዲስ አበባ)

ሁለታችሁንም አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። እኔ የወንድሜን ልጆች ሰብስቤ ከፈትኩላቸው። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ሁለቱ ተነስተው ሄዱ።

እውነቱን እንነጋገር። ኢፌክቱ ደካማ ነው። መጨረሻ አካባቢ የኦዴይ መኪና ሲበርና የቦልት ሄሊኮፕተር ተገልብጦ ሲሄድ የዛሬ ልጅ አያምነውም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1977 «ስታር ዎርስ» ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ታየ። አካሄዱም ቀርፋፋ ነው። ዝም ብሎ መኪና የሚነዳበት ሰዓት ይበዛል።

የ2009ኙ «ሬስ ቱ ዊች ማውንቴን» ለዛሬ ልጆች ይሻላል ባይ ነኝ። ድዌይን ጆንሰን የላስ ቬጋስ ታክሲ ሹፌር ሆኖ ይጫወታል። ገና ከመጀመሪያው ሩጫ ነው። ልጆቹ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው አዩት። ልጅ የማያየው ፊልም ጥሩ የልጆች ፊልም ነው ማለት ይከብደኛል።

የማክዳ እናት

የሸገር ልጅ፣ ኢፌክቱን በተመለከተ አልከራከርህም። ግን ሁለቱን ፊልም አስተያይተህ እይልኝማ።

በ2009ኙ ልጆቹ ማን እንደሆኑ ያውቃሉ። ከሌላ ዓለም መምጣታቸውንም፣ ምን ሊፈልጉ እንደመጡም ያውቃሉ። ያለባቸው ችግር አንድ ነው፤ መድረስ። በ1975ቱ ግን ቲያና ቶኒ እንደኛው ምንም አያውቁም። እነሱ ሲያውቁ ነው እኛም የምናውቀው። ቲያ መጀመሪያ ትዝ የሚላት ውኃ ነው። ከዚያ መርከብ። ከዚያ እነሱን ይዞ የሚዋኝ ሰው፣ አጎት ቤኔ። ሰምጦ ሞቷል ብለው ያስባሉ። አንተ ቀርፋፋ ያልከው ጉዞ ላይ ነው ይሄ ሁሉ የሚመጣው። መኪናው ቢፈጥን ኖሮ እኮ ለማስታወስ ጊዜ አታገኝም ነበር።

ደግሞ ኢፌክት ከተባለ የአሻንጉሊቶቹን ቦታ እንዴት ዘለልከው? ቦልት ቤት ቶኒ ሃርሞኒካውን ይነፋል፣ በክር የሚንቀሳቀሱት አሻንጉሊቶች ማንም ሳይይዛቸው ይጨፍራሉ። እህቱን ሊያስደስት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ልጆቼ ትንፋሻቸውን ነው የያዙት። ሽጉጥ የለ፣ ፍንዳታ የለ። ልጅ እንዲህ ያለ ኃይል ቢኖረው መጀመሪያ የሚያደርግበት ነገር ጨዋታ ነው። ፊልሙ ይሄን ያውቃል።

ቤዛ ዘልደታ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ እህት ወንድሞቼ። ጥንቆላን በተመለከተ ስለተጠየቀ ነው የገባሁት።

እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። ልጆች ያዩትን ይጫወታሉ። አንድ ሰሞን በምልክት ዕቃ ለማንቀሳቀስ ሲሞክሩ፣ «እርግማን» ሲወራወሩ ነበር። ጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ግን ቀላል ነገር አይመስለኝም። የጠንቋይ ስም ያለበት ፊልም ቤት ውስጥ ሲከፈት፣ ልጁ ጥንቆላ ቆንጆ ነገር ነው ብሎ ሊያድግ ይችላል። አገራችን ላይ ደግሞ ይሄ ተረት አይደለም። በጠንቋይ ቤቱን ያፈረሰ፣ ያለውን ሸጦ የጨረሰ ስንት ሰው እናውቃለን።

ፊልሙን አላየሁትም። ስለዚህ መጥፎ ነው አልልም። ግን የማክዳ እናት፣ አንቺ ራስሽ ሳይከብድሽ አልቀረም፣ ባይሆን አትጠይቂም ነበር። እስቲ ውስጡ ምን እንዳለ አስረዱኝ።

ፊልም ወዳድ

እህቴ ቤዛ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ፊልሙ ውስጥ ጠንቋይ የለም። ድግምት የለም፣ መናፍስት የሚጠራ የለም። ዊች ማውንቴን ተራራው በአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ነው። ልጆቹ ችሎታቸውን ያገኙት ከተፈጥሯቸው ነው። መጨረሻው ላይ እንደሚታወቀው ዓለማቸው እየጠፋ ስለነበር በመንኮራኩር የተሰደዱ ሕዝቦች ልጆች ናቸው። እንግዲህ ስደተኞች ናቸው ማለት ነው።

ጠንቋይ የሚለውን ስም የሚለጥፍባቸው ሌላ ሰው ነው። እሱን ለማየት ግን ፊልሙን ማየት ይሻላል።

ወለቃ (ሬሆቮት)

ሰላም። ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ይሄን ሳነብ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ፊልም ወዳድ በጨረፍታ የነካውን ቦታ ልናገር። ልጆቹ አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ይታሰራሉ። ቶኒ ሃርሞኒካውን ይነፋል። የተሰቀለው ኮትና ኮፍያ፣ መጥረጊያው፣ ሁሉም ተነስቶ ሸሪፉን ያስጨንቀዋል። ያመልጣሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ይዛመታል፣ ጠንቋዮች ናቸው ተብሎ። የመንደሩ ወንዶች ጠመንጃ ይዘው ጫካ ለጫካ ያሳድዷቸዋል። ሁለት ልጆችን! ማንንም አልጎዱም። ሰው ያልገባውን ነገር ስለፈራ ብቻ ነው።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ቤተሰቤ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ነው የመጣው። አያቴ ጎንደር ሸክላ ትሠራ ነበር፣ አያቴ ወንዱ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻውን እሱ ነው የሚሠራው፣ ማሰሮና ጀበናውን እሷ። ያለነሱ የሚታረስም የሚበሰልም የለም። ግን ቡዳ ናቸው ተብለው ነው የኖሩት። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባሉ ነበር። ልጅ ከታመመ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። ቀን ዕቃቸውን ይገዛል፣ ሲመሽ ይፈራቸዋል። እናቴ ልጅ ሆና ሰው ሲበላ ቀና ብላ እንዳታይ ተነግሯት ነው ያደገችው። ዓይኗ ጦስ እንዳያመጣባት።

ስለዚህ እኔ ይሄን ፊልም ሳይ የማክዳ እናት ያለችውን ትንሽ አሰፋዋለሁ። ቦልት ችሎታቸውን ይፈልጋል። መንደሩ ችሎታቸውን ይፈራል። ሁለቱም ልጆቹን አያያቸውም። አያቶቼ ላይ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነው የደረሰው፤ እጃቸው ይፈለጋል፣ ዓይናቸው ይፈራል።

እህቴ ቤዛ፣ በእምነትሽ መጠንቀቅሽን አከብራለሁ። ግን እኔ ልጆቼን ያሳየኋቸው እንዲያውም ለዚህ ነው። ጠንቋይ ነው፣ ቡዳ ነው ተብሎ ጣት የተጠቆመበት ልጅ ምን እንደሚሰማው ከዚያኛው ወገን ሆነው እንዲያዩት። ልጄ «አያቴን እንደዚህ ያሳድዷት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። የዚያን ለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጎንደር ኑሯችን በደንብ አወራን።

ቤዛ ዘልደታ

ወለቃ እህቴ፣ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የናትሽ ነገር ልቤን ነካው። ቡዳ የሚለውን ቃል ልጆች ፊት ስንት ሰው እንደ ቀልድ ሲናገር እሰማለሁ። ልጆቹም ይደግሙታል።

ፊልሙን መጀመሪያ ብቻዬን አየዋለሁ። ከዚያ ትልልቆቹን ይዤ ስለ መንደሩ ሰዎች ብናወራበት ደስ ይለኛል።

አንባቢው (ቶሮንቶ)

መጽሐፉን ላነሳ ነው፤ አንዳንድ ነገሩ ከፊልሙ ይለያል።

በመጽሐፉ ቲያ እንደ ሌላ ሰው መናገር አትችልም። ድምፅዋን የሚሰማው ወንድሟ ብቻ ነው። ይሄ ሁለቱን እንዴት እንደሚያስተሳስራቸው አስቡት። እሱ ከሌለ እሷ ለዓለም ሁሉ ዝም ያለች ልጅ ናት። ፊልሙ ይሄን ትቶታል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ለተዋናይቷ ንግግር ያስፈልጋታል። ግን ብዙ የጠፋ ነገር አለ።

ኦዴይም በመጽሐፉ የካቶሊክ ቄስ ነው፣ አባ ኦዴይ። ቤዛ፣ ይሄ ሳይጥምሽ አይቀርም! ሕግንና ፖሊስን ሳይፈራ ሁለቱን ልጆች የሚረዳ ቄስ። ዲዝኒ ሚስቱ የሞተችበት ቁጡ ሰው አደረገው። እኔ በዚህኛው ለውጥ አልከፋም። ቄሱ ጥሩ ሰው የሆነው ገና ሲጀመር ነው። የፊልሙ ኦዴይ ግን ዓይናችን እያየ ነው የሚለወጠው።

አሌክሳንደር ኪ ራሱ ብዙ ያልተወራለት ሰው ነው። በ1904 ተወልዶ በ1979 አረፈ። በ1965 ያሳተመው «ዘ ፎርጎትን ዶር»ም ከሌላ ዓለም መጥቶ ማንነቱን የረሳ ልጅ ታሪክ ነው። በ1970 ደግሞ «ዘ ኢንክሬዲብል ታይድ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ከዚህኛው ነው ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ በ1978 «ፊውቸር ቦይ ኮናን»ን፣ ባለ 26 ክፍሉን የቴሌቪዥን ካርቱን የሠራው። እንግዲህ አንድ ደራሲ፣ በአንድ በኩል ዲዝኒ፣ በሌላ በኩል ሚያዛኪ። ሁለቱም ጋ ትልልቆች ዓለሙን ሲያበላሹት መንገዱን የሚያገኙት ልጆች ናቸው።

የሸገር ልጅ

ኮናን ከዚሁ ሰውዬ ነው እንዴ? ካርቱኑን አይቼዋለሁ፣ በጣም ነው የምወደው። አንባቢው፣ ተባረክ።

እትዬ ሰናይት (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ፊልሙን ከዚያ አንጻር ነው ያየሁት። ትንሽ ቅር ያለኝ ነገር ስላለ እሱን ልናገር።

መጀመሪያ ግን የተሠራበትን ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። ያቺ ኮከብ ያለባት የቲያ ዕቃ። እኛ ጋ የሚመጡ ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ነገር አላቸው። የተቀደደ ፎቶ፣ የአንገት ማተብ፣ የናታቸው ሻሽ ቁራጭ። ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ መጀመሪያ የማስተምራት ይሄን ነበር። ልብሱን አጥቢ፣ አልጋውን አንጥፊ፣ ያቺን ዕቃ ግን ሳትጠይቂው እንዳትነኪ። ፊልሙን የሠራው ሰው ይሄን ከየት እንዳወቀው ገርሞኛል።

ቅር ያለኝ መጨረሻው ነው። ሞቷል የተባለው አጎት ቤኔ በሕይወት ተገኘ። ወገኖቻቸውም ተራራው ላይ እየጠበቋቸው ነበር። በራሪው ሳህን በኦዴይ ራስ ላይ ዞሮ ተሰናብቶ ሄደ። ቆንጆ ነው። ነገር ግን ማሳደጊያ ላለ ልጅ ይሄን ሳሳየው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። «የኔም ይመጣሉ» ይላል። በር በተንኳኳ ቁጥር ይሮጣል። እኔ እነዚያን ልጆች በር ላይ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ወላጅ ያለው ልጅ ይየው፣ ግድ የለም። ወላጅ ለሌለው ልጅ ግን አጠገቡ ሆኖ የሚያወራው ሰው ያስፈልገዋል።

አገራችን በ2018 መጀመሪያ፣ በፈረንጅ፣ የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች። ከዚያ በፊት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሄደዋል። እነሱም ዛሬ አድገው ከየት እንደመጡ ይጠይቃሉ። የሐሰት ወረቀት ይዞ «አጎት ነኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ደግሞ በፊልም ብቻ ያለ አይደለም። ማሳደጊያ የሚሠራ ሰው ይሄን ቦታ ሲያይ ዝም ብሎ አያይም። ወረቀት አይታችሁ አትመኑ፣ ልጁን ጠይቁት። ቲያ እኮ ሰውየው አጎቷ እንዳልሆነ ተሰምቷት ነበር፤ የሰማት አልነበረም እንጂ።

የማክዳ እናት

እትዬ ሰናይት፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሳሎን ቁጭ ብለን ከልጆቻችን ጋር የምናይ ሰዎች በር ላይ የቆመውን ልጅ አናስበውም። ስለ ወረቀቱ ያሉት ደግሞ በጣም ትክክል ነው። ማሳደጊያው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ወረቀቱ የተሟላ ሲሆንላቸው ሥራቸው ያለቀ መሰላቸው። ያንን ቦታ ሁለተኛ ሳየው ከቦልት ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሰሜን ኮከብ (ስቶክሆልም)

ሰላም። አማርኛዬ ያደግሁበት አይደለም፣ ከትልቅነቴ በኋላ ነው የተማርኩት። ስሕተት ካለ እለፉልኝ።

እኔ ሕፃን ሆኜ በጉዲፈቻ ወደ ስዊድን የመጣሁ ነኝ። ፊልሙን በልጅነቴ አይቻለሁ። እትዬ ሰናይት፣ እርስዎ ያሉትን በር ላይ መጠበቅ አውቀዋለሁ። እውነት ነው። ግን እኔ መጨረሻውን አልነበረም የምወደው። በራሪ ሳህኑን አላስታውሰውም ነበር።

እኔ የማስታውሰው መካከሉን ነው። ቲያ ቁራጭ ነገር ስታስታውስ። ትንሽ ውኃ፣ ትንሽ ፊት። ለወንድሟ ትነግረዋለች። እሱም «ልክ አይደለሽም» አይላትም። እኔም ቁራጭ ነገር ነበረኝ። የጭስ ሽታ፣ የሆነች ሴት ዘፈን። ቤት ውስጥ ስናገር ሰዎች በደግነት «አንቺ እኮ በጣም ሕፃን ነበርሽ፣ ልታስታውሺ አትችይም» ይሉኝ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ግን ልጅቷ ታስታውሳለች፣ ያስታወሰችውም ትክክል ነው። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ማንም ባይመጣም እንኳ የማስታውሰው ነገር የኔ ነው።

ስለዚህ ማሳደጊያ ላሉ ልጆችም ይታይ እላለሁ። እርስዎ እንዳሉት፣ አጠገባቸው ሰው ሆኖ።

እትዬ ሰናይት

ልጄ፣ አማርኛሽ ምንም አልጎደለውም። የመካከሉን እኔም አላሰብኩትም ነበር። የምታስታውሺውን ጽፈሽ አስቀምጪው፣ ትንሽም ቢሆን። የዘፈኑን ዜማ በስልክሽ ቅጂው። ከልጆቹ ጋር ስንሠራ እንደዚያ እናደርግ ነበር፤ ዜማው ከየትኛው አካባቢ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ከፈቀድሽ እዚሁ ላይ ላኪልን፣ እኛም እንስማው።

ወለቃ

የሰሜን ዜማ ከሆነ እናቴ ትለየዋለች። እኔም እጠብቃለሁ።

የሸገር ልጅ

እኔ ስለ ኢፌክት ሳወራ እናንተ የት አደረሳችሁት! ቢሆንም አሁንም ለትንንሾቹ ይከብዳል ባይ ነኝ። ተነስተው የሄዱት ሁለቱ ስድስት ዓመት አልሞላቸውም። ትልቋ ግን አሥር ዓመቷ ነው፣ እሷ እስከ መጨረሻው አይታ ቀጣዩን ጠይቃኛለች። ፊልም ወዳድ፣ ቀጣይ አለው አይደል?

ፊልም ወዳድ

አለው። በ1978 «ሪተርን ፍሮም ዊች ማውንቴን» ወጥቷል። ዳይሬክተሩ ራሱ ሃፍ ነው፣ ልጆቹም ራሳቸው። ቲያና ቶኒ ለዕረፍት ሎስ አንጀለስ ይመጣሉ። አንድ ሳይንቲስት የቶኒን አእምሮ በመሣሪያ ይቆጣጠረዋል። ሳይንቲስቱ ክሪስቶፈር ሊ፣ አጋሩ ደግሞ ቤቲ ዴቪስ። ሁለቱን ለማየት ብቻ ያዋጣል። ታሪኩ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ማንነታቸውን አውቀዋልና ፍለጋው የለም። አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ቶኒ ሲወሰድባት ቲያ ብቻዋን ናት፣ የሚረዷትም የሰፈር ዱርዬ ልጆች ናቸው።

በ1982 ለቴሌቪዥን የተሠራ አለ፣ ኤዲ አልበርት እንደ ኦዴይ ይመለሳል፤ ልጆቹ ግን ሌሎች ናቸው። በ1995 ሌላ የቴሌቪዥን ሥሪት መጣ። እነዚህን ሁለቱን ብትዘልል የሚቀርብህ ነገር የለም።

አንተ የምትወደው የ2009ኙ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ፈልግ። አንዲት አስተናጋጅ አለች፣ አንድ ሸሪፍም አለ። አስተናጋጇ ኪም ሪቻርድስ ናት፣ ሸሪፉ አይክ አይዘንማን። የ1975ቱ ቲያና ቶኒ፣ አድገው። ሁለቱም የሚሸሹትን ልጆች ይረዳሉ። ልጅ ሆነው ሲታሰሩ ሸሪፉ ምን እንዳደረጋቸው ካስታወስክ፣ አሁን ሸሪፉ ቶኒ መሆኑ ደስ ይልሃል።

የሸገር ልጅ

ሸሪፉን አይቼ አላወቅሁትም ነበር! ዛሬ ማታ ከትልቋ ጋር ደግመን እናየዋለን።

የማክዳ እናት

ለጠየቃችሁኝ በመልእክት ሳጥን፦ እኔ ያየሁት በዲዝኒ ፕላስ ነው። አማርኛ ትርጉም የለውም። ትንንሾቹ እንግሊዝኛ ካልገባቸው አጠገባቸው ሆናችሁ መተርጎም ነው፣ ንግግሩ ብዙ ስላልሆነ አይከብድም። ከሰባት ዓመት ጀምሮ ይሆናል እላለሁ። መግቢያው ላይ ያሉት ውሾች የሚያስፈሯቸው ከሆነ እሱን አሳልፋችሁ ከማሳደጊያው ቦታ ጀምሩላቸው።

ቤዛ፣ ከልጆቹ ጋር ስታዩት ምን እንዳሉ እዚሁ ጻፊልን። ሰሜን ኮከብ፣ ዜማውን እየጠበቅን ነው።